ነጥባቸው ሳይጠፋ

ዘይነብ ዓረብ አገር በሰላም መግባቷን የነገረችን በድምፅ መልእክት ነው። "የነገረችን" አልኩ እንጂ ለእኔስ አልነገረችኝም። መልእክቱ የመጣው በእኔ ስልክ ነው፤ እኔ በገዛሁት፣ ካርዱንም እኔ በምሞላው ስልክ። ስከፍተው ግን መጀመሪያ የወጣው ቃል "ሐያትዬ" የሚል ነበር። ሐያት ልጄ ናት። ከጓዳ ሮጣ መጣችና ስልኩን ከእጄ ላይ ወሰደችው፤ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ወደ በሩ ሄደች። እኔ ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ። ምስሩ አስቀድሞ የተለቀመ ነበር፤ እንደገና ነበር የምለቅመው።

ቀናሁ። ቃሉን ማለዘብ አልፈልግም። ሰው አገር ለቆ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ የሰው ቤት ሊያጸዳ ሄዶ እንዴት ያስቀናል? ዘይነብ ግን ታስቀናለች። አጠገቤ ሳለችም እንዲሁ ነበረች። በሕይወቴ ብዙ ሰው ወድጄአለሁ፣ ጥቂት ሰው ጠልቼአለሁ፤ እንደ እሷ ያንገበገበኝ ግን የለም። ዕድሜ ሰጥቶኝ ባረጅና ሁሉን ብረሳ እንኳ እሷን የምረሳ አይመስለኝም።

የአጅባር ልጅ ናት። መካነ ሰላም የመጣችው አክስቷ ዘንድ ልትኖር ነው፤ እኔ ከዓረብ አገር በተመለስኩ በዓመቱ ገደማ፣ እሷም ከዚያው ተመልሳ። እኛ ተመላሾች አብዛኞቻችን የገባነው አንገታችንን ደፍተን ነው። ሰው ሻንጣችንን አይቶ የሚገምተውን እናውቃለን። ዘይነብ ግን ከአውቶቡሱ የወረደችው ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ የወርቅ ጥርሷን እያሳየች፣ ረዳቱን "ቀስ አርጋት! ብርጭቆ ነው ያለባት!" እያለች ነው። የሰማ ሁሉ ስንት ብርጭቆ ይዛ መጣች ብሎ ሲያወራ ሰነበተ። ቆይቶ ሲታይ ሻንጣው ውስጥ የነበረው አንድ የሻይ ብርጭቆ ነው። የዚህችን ብርጭቆ ነገር እመለስበታለሁ።

እኔ ያኔ የማኅበራችን ሰብሳቢ ነበርኩ። ከዓረብ አገር የተመለስን ሴቶች ተሰባስበን፣ ያለችንን አዋጥተን፣ ከከተማው ወረድ ብሎ ቆላው በሚጀምርበት ሁለት የዓሣ ኩሬ አስቆፍረን ነበር። እዚህ ላይኛው ደጋ ብርዱ ዓሣ አያሳድግም። የዓሣ ጫጩቶቹን ከሩቅ ከማስመጣት ከታች ካለው ወንዝ በወንፊት መረብ ማውጣት እንደሚሻል የመከረን የዓሣ ባለሙያው ነው። ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ባልዲ ሙሉ ጫጩት ፊታችን አስቀምጦ እየዞረ አሳየን።

"ይቺ ጢም ያላትና ጭንቅላቷ ጠፍጣፋ አምባዛ ናት" አለ። "ሌሎቹን ስለምትበላ ለብቻ ትውጣ። እኛ የምንፈልገው ነጭ ዓሣን ነው። ጫጩቱ ጎኑ ላይ ጥቁር ነጥቦች አሉት፤ ሲያድግ ይጠፋሉ። ሌላ ደግሞ አለች፣ ድንክ። እሷም ባለ ነጥብ ናት። ግን ጣት ከምታክል አታልፍም፣ ነጥቧም አብሯት ይኖራል። በጫጩትነታቸው ሁለቱ መንታ ናቸው።"

"ታዲያ በምን እንለያቸው?" አለች አስካለ። አስካለ ገንዘብ ያዣችን ናት፤ ክርስቲያን ብትሆንም ከሁላችን ይልቅ ወላሂ የምትለው እሷ ናት።

"ብዙ በማየት" አላት ባለሙያው።

ያን ጊዜ ነው ዘይነብ ከኋላ የመጣችው። ረጅም ጥቁር ቀሚሷን ላስቲክ ቦት ጫማዋ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ከቦርሳዋ ያቺን የሻይ ብርጭቆ አወጣች። አንዷን ጫጩት ከነውኃዋ ጨለፈችና ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገች። አንድ ዓይኗን ጨፈነች፤ ምላሷን ቀጭ አደረገች።

"ይቺ ታድጋለች።" ወደ አንዱ ሳፋ ገለበጠቻት። ሌላ ጨለፈች። "ይቺ እዚሁ ናት።" ወደ ሌላው።

ባለሙያው በማጉያ መነጽሩ እየተከተለ አየ። ከዚያ ሳቀ። "ልክ ነሽ። እኔ ይኼን ለመልመድ ሁለት ክረምት ወንዝ ዳር ከርሜአለሁ። አንቺ የት ተማርሽው?"

የት እንደተማረችው ስትናገር ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ሰማን። የሠራችበት ቤት ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ የሚያህል የመስታወት የዓሣ ቤት ነበር። ጌትዬው ዓሣ ያራባል። ጫጩቶቹን እናትና አባታቸው ሳይበሏቸው በየዘራቸው ለይቶ ማውጣት የእሷ ሥራ ሆነ፤ ከተሳሳተች ቁጣ አለ። የቀን ሥራዋን ጨርሳ እዚያ መስታወት ፊት ነው የምትቀመጠው። ስታወራው ግን የቤቱ ሠራተኛ ሳትሆን የቤቱ እንግዳ የነበረች ነው የሚመስለው። እኔ በነዚያው ዓመታት ዓሣ ያየሁት ተገድሎ ሲገባ ነው፤ ስቀርፍና ስጠብስ። ለእሷ የዓሣ ቤት፣ ለእኔ ቅርፊት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲህ ነበር የታየኝ።

"የነጩ ነጥብ ጠርዙ የፈሰሰ ነው" አለችን። "ጥላሸት በነካ እርጥብ ጣት ዳበስ እንዳረጉት። የድንኳ ጥርት ያለ ነው፣ በእስክሪብቶ የተተከለ። ደሞ ድንኳ ነች የምታምረው፤ እንዳትሸውዳችሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለችና፣ ለምን ወደ እኔ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ "ሲያድግማ ማንም ያውቀዋል" አለች። "ሰው አወቀ የሚባለው ነጥባቸው ሳይጠፋ ነው።"

ይኼን ንግግሯን ስንቴ እንደደጋገመችው! ብርጭቆዋን ባነሣች ቁጥር ነበር። ሌሎቹ ይስቃሉ፤ እኔን ግን እዚህ ደረቴ ላይ ይወጋኛል።

የሚወጋኝ በልጄ ምክንያት ነው። ሐያትን ለእናቴ ሰጥቼ የሄድኩት አፏን ገና ስትፈታ ነው። ስትወለድ ትከሻዋ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠቆር ያለች ምልክት ነበረቻት። "ሲያድጉ ይጠፋል" ብላኝ ነበር እናቴ። ሰው አገር ሆኜ ፊቷ ሲጠፋብኝ ያቺን ምልክት አስባለሁ፤ ከዚያ ፊቷ ቀስ ብሎ ይመጣልኛል። ስመለስ አራተኛ ክፍል ገብታለች። ስትታጠብ ውኃ ላፍስልሽ ብዬ ተጠግቼ ትከሻዋን አየሁ። የለም። እናቴን "መቼ ነው የጠፋው?" አልኳት። "ምኑ?" አለችኝ። እናቴ ምንም ጥፋት የለባትም፤ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ስንቱን ያስታውሳል? እኔ ግን ያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሐያት እናቴን "እማዬ" ትላታለች፣ እኔን "እትዬ"። ታከብረኛለች። በመጣሁ ሰሞን ደጅ ስትሮጥ ወደቀችና ጉልበቷ ደማ። ክንዴን ዘርግቼ ተነሣሁ። ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ፣ አጠገቤ አልፋ፣ ጓዳ ገብታ እናቴ ጉያ ውስጥ ነው የፈነዳችው። እኔ ፊት አንድ ቀን አልቅሳ አታውቅም። በገበያ ቀን የሚያምር ጫማ ገዝቼ ስሰጣት "አላህ ይስጥልኝ፣ እትዬ" አለችኝ፤ እንግዳ ይመስል ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀብላ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሲከፋት ወደ እኔ እንድትመጣ። ጊዜ ይፈልጋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጊዜውን ግን ዘይነብ ወሰደችው።

ትምህርት በሌለ ቀን ሐያትን ወደ ኩሬው ይዣት መውረድ የጀመርኩት እኔ ነኝ። መንገዱ ላይ እንቀራረባለን ብዬ ነበር። ወንዝ ዳር በደረስን በመጀመሪያው ቀን ዘይነብ ጠራቻት። ብርጭቆዋን ሰጠቻት። ለማንም ሰጥታው የማታውቀውን ብርጭቆ! "እስቲ አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ። አትቸኩዪ። እሷ ራሷ ትነግርሻለች" አለቻት። ልጄ ጨፈነች። ቆየች። "ይቺ... ታድጋለች?" አለች። ዘይነብ እልል አለች። እውነቴን ነው፣ ለአንዲት ጫጩት ብላ ወንዙን አናወጠችው። ሐያት እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። የላይኛው ጥርሷ ትንሽ ደረብ ያለ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው "ዘይነብ እንዲህ አለች" ብቻ ሆነ። ልጅቱ ሁሉን ነገር አንድ ዓይኗን ጨፍና ማየት ጀመረች፤ ሽንኩርቱን፣ ድመቷን፣ እኔን። እናቴም ብትሆን ባሰባት። እኔን ዕድሜዬን ሙሉ "ጎሽ" ብላኝ የማታውቅ ሴትዮ፣ ዘይነብ ስትመጣ "በረካ ያለሽ ልጅ" እያለች ትቀበላታለች፤ እርጎውን ከላዩ ቅቤው ሳይነካ ለእሷ ታስቀምጥላታለች። ዘይነብ ደግሞ አታፍርም፤ ትጠጣለች፣ ከንፈሯን ትጠርጋለች፣ "እማማ፣ እርስዎን ይዤ አጅባር ነው የምሄደው" ትላለች። ልጅ የላትም። "መውለድ የማታውቅ ምን ታውቃለች" እያልኩ በሆዴ አማታለሁ። አንድ ቀን ለአስካለም አልኳት። አስካለ አየችኝና "ወላሂ፣ ከድጃ፣ ይኼ ካንቺ አይጠበቅም" አለችኝ። አፈርኩ፤ ቅናቴ ግን አላፈረም።

ሞከርኩ ደግሞ። ማንም ሳይኖር ከቤት ብርጭቆ ይዤ ወረድኩና ጨለፍኩ። ወደ ፀሐይ አነሣሁ። አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። የታየኝ ዓሣ ነው። ሌላ ጨለፍኩ፤ እሱም ዓሣ ነው። ዘይነብ ከየት እንደመጣች አላውቅም፣ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

"ዓይንሽ ደኅና ነው" አለችኝ። "ችግርሽ ለመጨረስ ነው የምታዪው። እኔ ሳይ መጨረስ የለም።"

"እኔ እንዳንቺ ሥራ ፈት አይደለሁም።"

"ኧረ ተይ፣ ሐቢብቲ፣ ላሳይሽ..."

"ልጄን አሳየሻት፤ በቃ!" አልኩ። ድምፄ ከወንዙ ድምፅ በላይ ወጣ። "ልጄን ተይልኝ፣ ዘይነብ። ሐያት የእኔ ልጅ ናት።"

ትስቃለች ብዬ ነበር። መነጽሯን አወለቀች። ያለ መነጽር ፊቷ ከሚመስለው በላይ የደከመ ነበር።

"መች አይደለችም አልኩ? እሷም ታውቃለች። ምን እንደምትፈራ ግን አንቺ ታውቂያለሽ?"

ጅብ፣ ጨለማ፣ መምህሩን... ምን ልበል?

"አንቺን ነው የምትፈራው" አለችኝ። "ከለመድኳት በኋላ ተመልሳ ብትሄድስ ብላ ነው።"

ብርጭቆዬን ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ማመስገን ነበረብኝ ይሆናል። ግን አስቡት፤ የገዛ ልጄን ልብ ሌላ ሴት አንብባ ስትነግረኝ! ዳገቱን ሁሉ ስወጣ የተብከነከንኩት ልጄ በመፍራቷ አይደለም፤ ፍርሃቷን ለእሷ በመንገሯ ነው።

ከዚያ በኋላ የዘይነብን ስህተት መጠበቅ ጀመርኩ። ሰው አንድ ቀን ይስታል፤ ዓይን ነው። ሁለቱም ኩሬዎች ጫጩት ገብቶባቸው፣ ፉርሽካ እየበተንን፣ ከክረምት ወደ በጋ ሄድን። ከመጀመሪያው ኩሬ አልፎ አልፎ ብር የሚመስል ጀርባ ብቅ ይላል፤ ነጥቡ ጠፍቷል፣ አድጓል። ሁለተኛው ኩሬ ግን ውኃው ደፍርሶ ምንም አይታይበትም። "ጥልቅ ስለሆነ ነው፤ ታች ናቸው" እንባባል ነበር። ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ሆቴል ለዐቢይ ጾም የሁለቱንም ኩሬ ዓሣ ሊወስድልን ተስማማ። ሴቶቹ ሁሉ በዚያ ዓሣ ላይ ዓይናቸውን ጥለዋል። የልጅ ትምህርት ቤት፣ የቤት ክዳን፣ ያልተከፈለ ዱቤ፣ ሁሉም እዚያ ውኃ ውስጥ ነበር።

መረብ የጣልን ዕለት ከመጀመሪያው ኩሬ እየተንፈራገጠ የወጣውን ነጭ ዓሣ ያየ እጁን አፉ ላይ ጫነ። የሆቴሉ ሰው ሣጥኑን ሞላ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሄድን። መረቡ ቀሎ መጣ። ወደ ዳር ስንጎትተው ሙሉውን የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው፤ ትንንሽ፣ ጣት የማያክል፣ ሆዳቸው በእንቁላል የተወጠረ፣ ጎናቸው ላይ ጥርት ያለ ጥቁር ነጥብ። ድንክ ብቻ።

"ይኼ ዓሣ ነው ተልባ?" አለች አስካለ። ማንም አልሳቀም። አንዷ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የሆቴሉ ሰው ባዶውን ሣጥን መልሶ አይሱዙው ላይ ጫነ።

ሁላችንም ወደ ዘይነብ ዞርን። ለቀማው የእሷ ነው። እሷ ግን ለትንሽ ጊዜ መረቡን አላየችም፤ ከእኔ ጀርባ ወዳለው ነገር ነበር የምታየው። ዞር ስል ሐያት ባልዲ ይዛ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ባልዲው ከእጇ ወደቀ። ለዘይነብ አዝና ነው ብዬ አሰብኩ፤ ይኼው፣ በዚህ ሰዓት እንኳ ለእሷ ነው የምታዝነው ብዬ ይበልጥ ተቃጠልኩ።

"እኔ ነኝ" አለች ዘይነብ። ድምጿ እንደወትሮው ከፍ አላለም። "ዓይኔ ሳተ።"

ደስ አለኝ። አዘንኩ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ከማኅበሩ ጋር የእኔም ድርሻ ጠፍቷል፤ ግን ደስ አለኝ። እዚያው ኩሬው ዳር እንደ ሰብሳቢ ተነሥቼ ተናገርኩ። ሰው በሙያው ሲኩራራ የሌላው እንጀራ እንደሚጠፋ፣ ከእንግዲህ ለቀማው ባለሙያው ባለበት ብቻ እንደሚሆን፣ ዘይነብ ወንፊቱንና ሳፋውን እንድታስረክብ። ንግግሬ ረዘመ። ዘይነብ አንድ ቃል አልመለሰችም። ይቺ በምላሷ ሾፌር የምታስለቅስ ሴት! ዝምታዋን ሽንፈት አደረግሁት። ወንፊቱንና ሳፋውን ጥላ ወደ አክስቷ ቤት ስትሄድ ቦት ጫማዋ ውኃ ገብቶበት ስቅ ስቅ ይል ነበር።

ብዙም ሳትቆይ መልሳ ልትሄድ ነው ተባለ። በእኔ ምክንያት ነው እንዳልል፣ የሚልካት ሰው ከዚያም በፊት ይደውልላት እንደነበር አክስቷ ተናግራለች። በእኔ ምክንያት አይደለም እንዳልል ደግሞ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ኩሬው ወርዳ አታውቅም። ወደ ደሴ በሚሄደው አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል እናቴ እንባዋን እያፈሰሰች መረቀቻት። ሐያት ብርጭቆዋን ተቀበለች፤ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል። ዘይነብ ወደ እኔ መጥታ አቀፈችኝ። "አብሽሪ፣ ከድጃ" አለችኝ በጆሮዬ። "ሂያጇ እኔ ነኝ። አንቺ ቁጭ በይላት።" ከዚያ መስኮት ዳር ተቀምጣ መነጽሯን አደረገችና ከረዳቱ ጋር መጨቃጨቅ ጀመረች።

ለምን እኔን ታጽናናለች ብዬ ስናደድ ነው የሰነበትኩት። እስከ ዛሬዋ መልእክት ድረስ።

ሐያት በሩ ላይ መልእክቱን ሰምታ ጨረሰች። እንደገና ከፈተችው። ሁለተኛ ስትሰማው ስልኩ ከጆሮዋ ትንሽ ራቅ አለና የዘይነብ ድምፅ ወደ እኔ መጣ፤ ያው ድምፅ፣ ከኋላው ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል። "...ደሞ ያን ነገር ለእናትሽ ነገርሻት? እኔ የያዝኩልሽ እስክትነግሪያት ነው አላልኩሽም? የእኔ አይደለም፣ የእሷ ነው። ንገሪያት፣ ሐያትዬ።"

"ምኑን ነው የምትነግሪኝ?" አልኩ።

ሐያት ዞረች። የምስሩን ሰፌድ አስቀመጥኩ። እናቴ ጎረቤት ለቅሶ ደርሳ አልተመለሰችም፤ ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን።

"ሁለተኛውን ኩሬ..." አለች። "እኔ ነኝ የለቀምኩት። አንቺ ስብሰባ ሄደሽ፣ ዘይነብ ፉርሽካ ልታመጣ ሄዳ። እስክትመጣ ልጨርስላት ብዬ። የሚያምሩትን... ነጥባቸው የሚያምረውን ኩሬው ውስጥ ከተትኩ። የደበዘዙትን ወንዙ ውስጥ ለቀቅኋቸው። የታመሙ መስለውኝ ነው። ስትመጣ አሳምሬ ለቀምኩ አልኳት፤ አመነችኝ። መረቡ ሲወጣ ነው ያወቅነው። እሷም፣ እኔም። እኔ ልናገር ስል ቀድማ እሷ ነኝ አለች።"

መጀመሪያ የመጣብኝ ምን ይመስላችኋል? ምስጋና አይደለም። ፀፀትም እንኳ ቆይቶ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣብኝ ያው የማውቀው እሳት ነው። ይኼንንም? ልጄ ስታጠፋ ፊቷ ቆሞ "እኔ ነኝ" ማለት የማን ነበር? ያን ቀን ኩሬው ዳር እኔ ነበርኩ የቀረብኳት። ባልዲው ሲወድቅ ከእሷ ጋር የነበረው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። የልጄን ፊት አየሁ፤ ግን ለመጨረስ ነበር ያየሁት። ዘይነብ ከኩሬው ማዶ ሆና አነበበችው።

ሐያት ከንፈሯን ነከሰች። ያን መንከስ አውቀዋለሁ። ዓይኗ ወደ ጓዳው ሄደ፤ እናቴ የለችም። ወደ ስልኩ ሄደ። ከዚያ እኔ ላይ መጣ። ሌላ የቀረ ሰው ስለሌለ ነው እኔጋ የመጣችው ብል ይቀለኛል፤ ቅናት እንዲያ ነው የሚያስበው። መጣች ግን። ፊቷን አንገቴ ሥር ቀብራ ፈነዳች። እንደዚያ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ትከሻዋ እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። የምልክቷ ቦታ የትኛው እንደነበር እጄ ያውቀዋል፤ እዚያ ላይ ያዝኳት።

እናቴ በሩን ከፍታ ገባች። ነጠላዋን ሳታወልቅ "ምን ሆነችብኝ?" ብላ ክንዷን ዘረጋች። ሐያት ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ፊቷን መልሳ አንገቴ ሥር ከተተች። እናቴ ክንዷን ቀስ ብላ አወረደች፤ ገብታ የተውኩትን ምስር መልቀም ጀመረች።

ሐያት ቆይታ ስትረጋጋ "ለማኅበሩ ትነግሪያለሽ?" አለችኝ።

"እነግራለሁ። ዘይነብ እንዳልሳተች መነገር አለበት። ሰው ሁሉ ፊት ነው ያዋረድኳት፤ ሰው ሁሉ ፊት ነው የምመልሰው።"

"ታዲያ ማን ነው የሳተው ቢሉሽስ?"

አላሰብኩበትም፤ ከአፌ ወጣ። "እኔ ነኝ እላለሁ።"

ሐያት እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ብርጭቆ ውስጥ ያለሁ ይመስል ቆይታ አየችኝ፤ ሳትቸኩል።

"እሱንማ፣ እትዬ፣" አለችኝ፣ "ዘይነብ ቀድማሻለች።"